በሽቦዋ የታወቀች ሴት

የኮሌጃችን ደወል ማንም ሳይነካው መጮህ የጀመረው ሙቀቱ የድሬን አስፋልት ከጫማ ጋር በሚያጣብቅበት ወቅት ነው። ትምህርት ሳይጋመስ ይጮሃል። ተማሪው ደብተሩን ሰብስቦ ይነሳል፤ አስተማሪው በሩ ላይ ቆሞ "ወዴት ነው?" ይላል፤ ተማሪው "ተደወለ እኮ!" ይላል። አቦ ምን ትሉታላችሁ! ደወሉን ከዓመታት በፊት አንድ አስተማሪ ከሎጂክ ቺፖች ገጣጥሞ ሠርቶት፣ ንድፉን ለማንም ሳያሳይ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። የግቢው ዘበኛ ጂኒ ሰፍሮበታል ሲል፣ አለቃችን ደግሞ "የዲጂታል ላብ አስተማሪ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" ብሎ ወደ እኔ ወረወረው። ንዴቴ ከአፌ ይቀድማል ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ያን ቀንም ያልሆነ ነገር ተናግሬ ደወሉን ተሸክሜ ላብ የምንለው ቤተ ሙከራ ገባሁ።

ያን ሰሞን ነው እሷ የላብ ረዳት ሆና የመጣችው። ስሟን አልጽፍም። ዛሬ ለእሷ ላደርግላት የምችለው ነገር ስሟን አለመጻፍ ብቻ ነው።

ዝምተኛ ነበረች። ያደገችው መሀል አገር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ እኔንም "እርስዎ" ትለኝ ነበር፤ "ድሬ ውስጥ አንቱታ የለም፣ አንቺ በዪኝ፣ አለበለዚያ አረጀሁ ብዬ አለቅሳለሁ" ስላት ሳቀች። ሳቋን ያየሁት ያኔ ነው። የግራ እጇ ትንሹ ጣት ተጣሞ የዳነ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ቆይታ ራሷ ነገረችኝ። ባሏም የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን ተቆጥቶ እጇን በር መሀል አድርጎ ዘጋባት። ከዚያ በኋላ አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ከእናቷ በቀር ድሬ መሆኗን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለእናቷም የነገረችው የከተማውን ስም ብቻ ነው። ሲም ካርድ በስሟ አላወጣችም፤ ስልኳን የምትጠቀመው በአከራይዋ ዋይፋይ ብቻ ነበር። ቤት የተከራየችው ሳቢያን ነው። ስትወጣ ባሏ "የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ" ብሏት ነበርና፣ እንዳይገኝ የምትጠብቀው ነገር ያ አንድ በር ብቻ ነበር።

ግን እጇ! እንደዚያ ዓይነት እጅ አይቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ ብሬድቦርድ በሚባለው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ ላይ ሽቦ ሲሰኩ ሳህን ላይ የተገለበጠ ፓስታ ይመስላል። እሷ ግን ሽቦውን በልኩ ትቆርጣለች፣ ማእዘኑን በጥፍሯ ታጥፋለች፣ ቦርዱ ላይ ታስተኛዋለች። ቀይ ለኃይል፣ ጥቁር መሬት ለምንለው መመለሻ መስመር፣ ቢጫ ለሲግናል፤ አንድም ሽቦ በሌላው ላይ አይሻገርም። "ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምትጨነቂው?" ስላት፣ "ብልሽት የሚደበቀው ዝርክርክ ቦታ ነው" አለችኝ። አሁን ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ከማን እንደሰማሁት ግን አልነግራቸውም።

የሰርቨሩ ባለቤት የምለው ሰው ላባችን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የሚሠራ፣ ቀዚራ ያደገ፣ የሰፈሩን ሁሉ ስልክ በነጻ የሚጠግን፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተካይ፣ ሰርግ ቤት አሳላፊ፤ ብቻ መልካም ሰው የሚባል ሰው ነው። አዲስ ዓይነት ማኅበራዊ መገናኛ ተክያለሁ፣ ግቡ አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። እንደለመድነው አንድ ትልቅ ኩባንያ ሁሉን አይዝም። የፈለገ ሰው የራሱን ሰርቨር፣ የሁሉን ጽሑፍ የሚይዝ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ይተክላል፣ ወዳጆቹን ያስገባል፤ ሰርቨሮቹ ደግሞ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። እንደ እድር ቁጠሩት፤ የሳቢያን እድር አለ፣ የለገሃሬ እድር አለ፣ ሁሉም የየራሱ ዳኛ አለው፣ ለቅሶ ሲሆን ግን ይጠራራሉ። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ እውነተኛ ስም አይጠይቅም። የእሱ ሰርቨር ከቤቱ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ አንድ ቬንቲሌተር ቀንና ሌሊት ይነፋበታል፣ እናቱ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል አልብሰውታል።

እሷ አንድ ነገር ጠየቀችው። "በግል የምንጻጻፈውን አንተ ማየት ትችላለህ?"

"በቴክኒክ ካልሽኝ፣ ተቆልፎ አይደለም የሚቀመጠው፣ ልክፈተው ካልኩ ይከፈታል" አላት። "ግን የሰው ወሬ ለማንበብ ማን ጊዜ አለው? አቦ፣ እኔን አታውቂኝም እንዴ?"

"አላውቅህም" አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ገባች ግን። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰው ደግሞ የሚያወራው ሰው ሲያጣ ይታመማል። እዚያ ውስጥ ከየአገሩ ያሉ የሰርኪዩት እብዶች ነበሩ፣ በየቀኑ የተበላሸ ነገር ፎቶ እየለጠፉ ምክር ይጠያየቃሉ። በሐሰት ስም ገባች። ጥንቃቄዋን ሳይ አፈርኩ፤ እኔ የበላሁትን ሁሉ የምለጥፍ ሴት ነኝ። እሷ ፊቷን አታሳይም፣ ድምጿን አታሰማም፣ መስኮት የሚታይበት ፎቶ አታወጣም። ፎቶ ስታነሳ ጠረጴዛውን በነጭ ወረቀት ትሸፍናለች፣ ስልኩ ፎቶው ውስጥ የሚያስቀምጠውን የቦታ መረጃ ታጸዳለች። የዛሬውን ዛሬ አትጽፍም። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን ነገር ተጸጽቼ "በቃ ሰረዝኩት" ስላት ራሷን ነቀነቀች። "ከዚህ ጠፋ ማለት ከሌላው ጠፋ ማለት አይደለም። ሌላው ሰርቨር ኮፒውን ወስዷል፤ አጥፋልን ብለን እንለምነዋለን እንጂ አናዘውም" አለችኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያን ጥንቃቄዋን አላላችው። ደንጌ ትኩሳት ያዛት። ድሬ የኖረ ሰው ደንጌ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ አጥንት ይሰብራል። ስልኳ ላይ ከዚያ መገናኛ በቀር እኔን የምታገኝበት መንገድ አልነበራትም፤ በግል መልእክት "በጣም አሞኛል። ሳቢያን፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር" ብላ ጻፈችልኝ። ፈሳሽና መድኃኒት ይዤ በባጃጅ በረርኩ። ሲሻላት መጀመሪያ ያደረገችው መልእክቱን መሰረዝ ነው። ከስልኳ ጠፋ፣ ከስልኬም ጠፋ። ዳንቴሉ ስር ያለው ቀረ።

ወደ ደወሉ ልመለስ። ብልሽት ሲፈለግ ወግ አለው። መጀመሪያ ኃይሉ ደርሷል ወይ? መሬቱ ታስሯል ወይ? ከዚያ ሰርኪዩቱን መሀሉ ላይ ትከፍልና፣ ጥፋቱ ከዚህ ወዲያ ነው ከዚህ ወዲህ ብለህ ትጠይቃለህ። እኛም እንዲያ አደረግን፣ ሁሉም ደህና ነው። ደወሉ ግን ይጮሃል። እሷ የሰርኪዩቱን ግማሽ በራሷ እጅ ብሬድቦርድ ላይ ደግማ ሠራችው፣ ፎቶ አነሳች፣ "ይህ ነገር ሳይጠሩት አቤት ይላል፣ ለምን ይመስላችኋል?" ብላ ለጠፈች። የከተማ ስም የለም፣ የኮሌጅ ስም የለም። ነጭ ወረቀት፣ ብሬድቦርድ፣ ቢጫ ሽቦ።

መልስ ጎረፈ። እሷ ግን መልሱን ቀድማ አገኘችው። ተማሪዎቹ ከብበው እያዩ፣ ጣቷን ወደ አንዱ ቺፕ አስጠጋች፤ ሳትነካው ደወሉ ጮኸ። ጣቷን አራቀች፣ ዝም አለ። ተማሪዎቹ አበዱ። "አያችሁ፣ ይህ ኢንፑት፣ ይህ ምልክት የሚቀበለው እግር፣ ከምንም ጋር አልታሰረም" አለቻቸው። "ያልታሰረ ኢንፑት ዜሮ ይመስላችኋል። አይደለም። ከአካባቢው የሰማውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቀበላል። የማትጠቀሙበትን ሁሉ እሰሩት።" አንዲት ሬዚስተር ወስዳ እግሩን ወደ መሬት አሰረችው። ደወሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዓቱን ጠብቆ ይጮሃል፤ ዘበኛው ጂኒውን ማን እንዳስወጣው ይጠይቀኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቷ ነበርኩ። ድንች እየላጥን ነበር። በሩ ተንኳኳ። ከደንጌው ወዲህ እንኳ ለእኔ ሳትጠይቅ አትከፍትም። "ማን ነው?" አለች።

"ሽማግሌዎች ነን፣ ልጄ።"

ተያየን። ሌባ ቢሆን አትከፍትም፤ ባሏ ቢሆን በመስኮት ትዘላለች። ሽማግሌ ግን በዚህ አገር ከደጅ አይመለስም። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከፈተች። ያን ያህል ወር የጠበቀችው በር በአንድ ቃል ተከፈተ።

ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆኑ፣ ቀዚራ ውስጥ ያለ እሳቸው ሰርግ የማይቆረጥ ሰው፤ ሌላው ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያላቸው ሱማሌ ሽማግሌ። ከኋላቸው፣ ነጭ ለብሶ፣ ፊቱ በደስታ እያበራ፣ የሰርቨሩ ባለቤት።

ባለ ባቡሩ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ጀመሩ። "ልጄ፣ ባልሽ ጥፋቱን አምኗል፣ አልቅሷል። እንኳን ሰውና ሰው እግርና እግርም ይጋጫል።"

እሷ የግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ድንቹ አጠገብ አስቀመጠች። "እግር ከእግር ተጋጭቶ ጣት አይሰብርም፣ አባቴ" አለች።

ሱማሌው ሽማግሌ ጣቷን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ሰርቨሩ ባለቤት ዞሩ። "ይህን ነግረኸናል?" አሉት፤ መልስ ሳይጠብቁም ቀጠሉ። "ወላሂ አልነገርከንም። አባዮ፣ እህቴ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ ወጥቻለሁ።" ተነስተው ወጡ። ከዚያ ቤት እንደ ሰው የወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔ ግን መጮህ ጀምሬ ነበር። "ቤቷን ከየት አወቅኸው?" አልኩት።

ሳይሸማቀቅ ነገረኝ። ባልየውም እንደ እኛ የሰርኪዩት ሰው ስለሆነ ሌላ ሰርቨር ላይ ነው፤ የብሬድቦርዱ ፎቶ እዚያ ደረሰ። "ሽቦውን እንዳየሁ እጇን አወቅሁት አለኝ" አለ፣ ፍቅር እንደሚያወራ ሰው። "አስበሽዋል? የሚስቱን እጅ በሽቦ የሚለይ ሰው!" የመለያ ስማችን ከኋላው የሰርቨሩን ስም ያስከትላል፤ የሰርቨሩ ስም ደግሞ ከተማችንን ይጠራል፣ ከተማውን ስለሚወድ እሱ ነው ያወጣለት። ባልየው ጻፈለት፣ ለመነው፣ ትዳሬን አድንልኝ አለው። "እኔም የተጻጻፋችሁትን ከፈትኩት፤ ለክፉ አይደለም፣ የት እንዳለች ለማወቅ ብቻ።"

"ማን ፈቀደልህ?"

"እህቴ፣ ሰርቨሩ እኮ የኔ ቤት ነው ያለው" አለኝ። ቃሉ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሰው ሳሎንህ ገብቶ ቦርሳውን ቢያስቀምጥ ቦርሳውን ትበረብራለህ? አንተ ዳንቴል ራስ!

እሷ አልጮኸችም። "እሱስ የት ነው?" ብላ ብቻ ጠየቀች።

ባለ ባቡሩ በእጃቸው ወደ ውጭ ጠቆሙ። "ከቅያሱ አፍ፣ ከመንገዱ ጫፍ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ሳንጨርስ አይገባም፣ ቃሉን ሰጥቷል።"

ሽማግሌ ሲመጣ ጊዜ ስጡኝ ማለት ደንብ ነው። ጊዜ ስጡኝ አለቻቸው። ለሳምንት ተቀጣጥረው፣ መርቀው ወጡ። ሲወጡ ባጃጁ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን አውጥቶ አረንጓዴውን በር ሲያይ በመስኮት አየሁት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አላስፈለገውም።

ሻንጣዋን አዘጋጀሁላት። ብልሽት የምትፈልግባትን ሎጂክ ፕሮብ ሰጠችኝ፤ እስክሪብቶ የምታህል፣ ጫፏ ሽቦ ሲነካ አንድ ይሁን ዜሮ የምትናገር ነገር ናት። "የት እንደምሄድ አልነግርሽም" አለችኝ።

"አትንገሪኝ።"

"ተቀይሜሽ አይደለም። ውሸት ስትናገሪ ፊትሽ እንደ ኤልኢዲ ይበራል።" ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም። በጓሮ በኩል፣ በወፍጮ ቤቱ ሴቶች መሀል አልፋ ሄደች።

በማግስቱ አረንጓዴውን በር ሄጄ አየሁት። በእግር ተመትቶ ከማጠፊያው ተነቅሏል። ድንቾቹ ወለሉ ላይ ተረጋግጠዋል፣ መሳቢያው ሁሉ ተገልብጧል። አከራይዋ እያለቀሱ "እሷ ኖራ ቢሆንስ?" አሉኝ። ቃሉን ሰጥቷል የተባለው ሰው ቃሉ ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው አንድ ነገር የሚለው መስሎኝ ነበር። ጅል ነኝ። በየጫት በርጫው፣ በየጸጉር ቤቱ የሰማሁት፣ "ምን አጠፋ? ማስታረቅ ጽድቅ ነው" ነው። "ሚስቱን ሲያጣ ተናዶ ነው በሩን የሰበረው" ነው። "እሷም አበዛችው" ነው። መልእክት መክፈቱን ስነግራቸው "ታዲያ ካልከፈተ እንዴት ያስታርቅ?" አለችኝ አንዷ፣ የተማረች፣ ከእኔ ጋር የምታስተምር። ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ነጭ ወረቀቱ፣ የተደበቀው መስኮት፣ ለሩቅ ጠላት ነበር። ለመልካም ሰው የሚሆን ቁልፍ ማንም አልሠራም።

እኔ ሰርቨሩን ለቅቄ ወጣሁ፣ ሰላምታም ነሳሁት። ድሬ ውስጥ ሰላምታ መንሳት ከባድ ነገር ነውና ብዙም ሳይቆይ የእኔው በር ተንኳኳ። ባለ ባቡሩና እሱ። እኔን ከእሱ ሊያስታርቁ! ሱማሌው ሽማግሌ አብረው አልነበሩም፤ ሲጠሯቸው "ከዚያ ሰው ጋር ሁለተኛ ደጅ አልቆምም" ብለዋል አሉ። አስቀመጥኳቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው፤ ምን ላድርግ፣ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።

"ጸጸት ይዞኛል" አለኝ የሰርቨሩ ባለቤት፣ አንገቱን ደፍቶ። እንባውም እውነተኛ ነበር፣ ያ ነው የሚያናድደው። "በራሴ አፍ፣ ፊት ለፊት ይቅርታ ካልጠየቅኋት እንቅልፍ አይወስደኝም። አቦ እህቴ፣ የት እንዳለች ብቻ ንገሪኝ።"

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። እስከዛሬ ምን እንዳደረገ አልገባውም፤ ሲሞትም አይገባውም።

"አላውቅም" አልኩት። ፊቴን አየው፤ ፊቴ አልበራም፣ እውነት ነበራ። በሕይወቴ ባለማወቄ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው። ባለ ባቡሩ ግን እንዲሁ አልሄዱም፤ "ይቅር በይው" እያሉ ቆሙ፣ "ለእግዚአብሔር" አሉ። ለእግዚአብሔር ሲባል "ይቅር" አልኩ። ከአፌ ነው የወጣው።

አሁን ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ላይ፣ ማንም በማያውቀኝ ስም አለሁ። የበላሁትን አልለጥፍም። ባለፈው ሰሞን አንድ የማላውቀው መለያ ላይ የብሬድቦርድ ፎቶ አየሁ። ሲያስጠላ! ቀይ ሽቦ መሬት ላይ ተሰክቷል፣ ጥቁሩ ኃይል ላይ፤ ረጃጅም ሽቦ፣ የተቆላለፈ፣ የተገለበጠ ፓስታ። ልለፈው ስል ዓይኔ ቺፖቹ ላይ ቀረ። ሥራ የሌላቸው ኢንፑቶች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በሬዚስተር ወደ መሬት ታስረዋል። እንዲህ የሚዝረከረክ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም።

"እጅሽ ይባረክ" ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት አጠፋሁት። ያልተላከ ነገር ኮፒ የለውም።

እሷ ትሁን አትሁን አላውቅም፣ አልጠይቅምም። እሷ ከሆነች ግን ያን የመሰለ እጅ እየቻለ እንዲያበላሽ አስተምረዋታል፤ ያስተማሯትም ሰዎች ዛሬም በየሰርጉ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ።